እሳቱ ሰ

ከአራዳ ቁልቁል፣ ከልብስ ሰፊው ጀርባ፣
ሁለት በሦስት ክፍል፣ ፀሐይ የማይገባ፤
ግድግዳው ስፖንጅ ነው፣ በሩ የእንቁላል ካርቶን፣
ማይኩ ፊት ወጥሬ የእህቴን ናይለን
"ስቱዲዮ" አልኩት። ማን ይከለክለኛል?
ዝናብ ብቻ፥ ቆርቆሮ ሲመታ ያስቆመኛል።

መጡ ጋሽ እንድሪስ፣ የመናኸሪያው ጠሪ፣
አርባ ዓመት ሙሉ በጉም ውስጥ መንገድ መሪ፣
ኮፍያቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አኑረው።
ድምፅ ማጉያ ሊሰቀል ነው፤
"አንዴ ይቀዱና ይረፉ" ተብለው።

"ስምዎን ይበሉ" አልኩ፣ እንዲያው ለሙከራ።
"እንድሪስ ያሲን።"
መርፌው ዘለለ፣ ቀዩ መብራት በራ።

ከፊት አንድ ጥርስ የለም፤ እንደ ተበሳ ጎማ
ይተነፍሳል "ስ" ሁሉ፣ ልብስ ሰፊው ዘንድ እስኪሰማ።
አንደኛ ክፍል ሲያስቆጥሩን ሁለት ነበር ስሙ፤
ንጉሡ ሠ በወንበሩ፣ እሳቱ ሰ በፍሙ።
ማይክ ግን ፊደል አልቆጠረ፣ ንጉሥ አይለይም፤
ሁሉም እሳት ነው ለእሱ፣ ለዘውድ አይራራም።

"እንግዲህ ይጥሩ" አልኩ።
"ሐይቅ" አሉ፣ ጎረቤት እንደሚጠራ ሰው፣ በቀስታ።
"ውጫሌ" አሉ፣ ትንሽ ከፍ አድርገው።
ከዚያ "ወልዲያ!"
የስክሪኑ ግራፍ ጣራውን መታ፣
እኔም ማዳመጫዬን ከጆሮዬ ወረወርኩ።

"ጋሼ፣ እኩል ያድርጉት፤ ድምፅዎ ይረጋጋ።"
"ልጄ፣ ወልዲያ ሩቅ ነው፣ አይደረስም በዋዛ።
ሐይቅማ እዚህ ናት፣
ምን ያስጮኸኛል ለእሷ? ሰምታ ትመጣለች በሹክሹክታ።"

እኔ ግን መሣሪያ አለኝ፣ ኮምፕሬሰር የሚሉት።
"ምን ይሠራል?" አሉኝ፣ አንገታቸውን ሰገግ አድርገው ሲያዩት።
"የጮኸውን ይጫናል፣ የተዋጠውን ያነሣል።"
"እንደ ዳኛ?" አሉ።
"እንደዚያም ይባላል።"
አራት ለአንድ አድርጌ ጣራውን ዝቅ ባደርገው
ሐይቅና ወልዲያ እኩል ራቁ፣ ሁሉም መንገድ አንድ ሆነው፤
ዳገቱም ቁልቁለቱም በአንድ ሜዳ አደረ።
ንጹሕ ሥራ ነበር። ምንም አልቀረ።

ቀጥሎ እሳቱ።
ስድስት ሺህ ኸርዝ፣ ሰባት ሺህ፣ እያሰስኩ ወጣሁና
ፉጨቱን አገኘሁት፣ ቀጭን፣ እንደ መርፌ ቀና።
ትንሽ ተጫንኩት፤ "ከሚሴ" ለሰለሰ።
ደግሞ ተጫንኩት፤ የ"መርሳ" ጫፉ ቀነሰ።
ስስት ያዘኝ፤ አንድ ጊዜ ደገምኩ፤
"ደሴ" "ደቴ" ሆነች፤
የተወለድኩባትን ከተማ በገዛ እጄ አኮላተፍኩ።

ሳቁ ጋሽ እንድሪስ፣ ትከሻቸው እስኪነቃነቅ።
ሳቁ ሲያልቅ ግን ኮፍያቸውን አዞሩ፣ አዞሩ፣ እንደ መሪ።
"ጥርሷን የኤንትሬ በር ነው የወሰዳት፣ ቆሜ ስጣራ።
ያን ሰሞን አፍሬ በመዳፌ እየከለልኩ ነበር የማወራ።
ኋላ ጉም ከጦሳ ሲወርድ፣
የገዛ እጅህ ሲጠፋብህ፣
ሾፌሩ ሁሉ 'ፉጨቱ ወዴት ነው?' እያለ መጠየቅ ጀመረ።"
ዝም አሉ።
"አጥፋው ካሉህ ግን አጥፋው፤ ከፋዮቹ እነሱ ናቸው።"

ሌሊቱን ብቻዬን ሦስት ዴሲቤል ለቀቅሁ፣
መልሼ ያዝሁ፣ ለቀቅሁ፣
ለዓይን የማይሞላ ቁጥር ላይ ቁጭ ብዬ አነጋሁ።
ኃላፊው በስልክ ሰማና "የሬዲዮ ጋዜጠኛ ይመስላል!" አለኝ፣
ብሩንም በዕለቱ ላከልኝ።

ሰኞ ማለዳ ጉም ነበር፤ መናኸሪያ ገባሁ።
ማጉያው ከምሰሶው ይጣራል፥
ሐይቅ፣ ውጫሌ፣ መርሳ፣ ወልዲያ፤ ልስልስ፣ ልክ በልክ፣
ዘይት እንደ ጠጣ ይንሸራተታል።
ከሥሩ፣ ጉሙ ውስጥ፣ ኮፍያ ያጠለቀ ሰው ቆሟል።
"መርሳ" እስኪባል ይጠብቅና
እኔ የቀማሁትን፣ በክፍተቱ፣ በቦታው ይሞላል።
አንድ ሚኒባስ መብራቱን አብርቶ
ወደ ፉጨቱ ይዞራል።